ጀጎልን ቁልቁል መግባት፦ ሐረርን በእግር መዋል

ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረችውን የሐረር ጥንታዊ ከተማ፣ በአንድ ቀን በእግር ለማየት ሁለት አካሄድ ሞክሬያለሁ። አንደኛው ግንቡን በውጭ ዞሮ በሮቹን ማየት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ መግባት ነው። አልመክረውም። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ግን ጥላ የለውም፤ ጨርሶ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ሙዚየሞቹም ለምሳ ሊዘጉ ነው። ሁለተኛው ከላይ ገብቶ ቁልቁል መውረድና ግንቡን ለአመሻሽ ማቆየት ነው። ከተማዋ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለች ናት፤ የውሎው ቅደም ተከተል ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ቁልቁለት ነው።

ከድሬዳዋ ለሚነሳ መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ በሐረማያና በአወዳይ ያልፋል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ያለውን ጥበቃ ጨምሮ ሁለት ሰዓት ይያዝለት። ድሬ ላይ በስስ ሸሚዝ የተነሳ ሰው ማታ ይቆጨዋል፤ ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና ሹራብ ያስፈልጋል። ጫማው የጎማ ሶል ያለው ይሁን፤ የቁልቁለቱ ድንጋይ በእግር ብዛት ልሟል፣ ውሃ ከተደፋበት ያንሸራትታል።

የምነሳው ከሐረር በር ነው። ይህ ከጥንቶቹ አምስት በሮች አንዱ አይደለም፤ ለመኪና ተብሎ ኋላ የተከፈተ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ግን ለመነሻ ይመቻል። ቀጥ ብሎ ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ ያደርሳል። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ፀሐይ ዓይን ውስጥ ትገባለች፤ ፎቶ የሚያነሳ ሰው በየሃምሳ እርምጃው ዞር ብሎ ወደ ኋላ ያንሳ፤ በኖራ የተቀባው ግድግዳ የሚበራው በዚያ በኩል ነው። ሰው ለማንሳት ግን መጀመሪያ ማስፈቀድ።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ፣ ወደ ትልቁ ገበያ፣ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። የሚያጥር ሱሪ ወይም የሚጠበብ ቀሚስ ካለ ጠዋት እዚህ ሰጥቶ ሲመለሱ መውሰድ ነው፤ ጨርቅ ገዝቶ አዲስ ለማሰፋት ግን የአንድ ቀን ውሎ አይበቃም። ዋጋውን ሳይለኩ በፊት መነጋገር ይሻላል።

በዚሁ ሠፈር ሁለት ቤቶች አሉ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ከበሩ በላይ ያለውን የጋኔሽ፣ የሂንዱዎቹን አምላክ፣ ቅርጽ ቀና ብሎ ያላየ ሰው ይህን አያውቅም። ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ያለው እዚያ ነው። ባለቀለም መስታወቱ ደግሞ የራምቦ ቤት ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሐረር መጀመሪያ የደረሰው በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ነው፤ ቤቱ ግን እሱ ከሄደ በኋላ የተሠራ ነው፤ «እዚህ አልጋው ላይ ተኝቶ…» የሚል አስጎብኚ ካጋጠመ ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው። ከላይኛው ፎቅ የሚታየው የከተማው ጣሪያ ብቻውን የመግቢያውን ዋጋ ያወጣል።

ጊድር መጋላ ላይ ሥጋ ገዝቶ በእጅ አንጠልጥሎ መሄድ ስህተት ነው። ጭልፊቶቹ ከጣሪያ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ከኋላ መጥተው ይነጥቃሉ። ሳምቡሳም ቢሆን ጥላ ሥር ቆሞ መብላት ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ መጥፋት። በስልክ ካርታ መመራት አይሠራም፤ በጠባቡ መንገድ ጂፒኤሱ ይዘላል፣ ግማሹ መንገድም ግቢ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። የሚሠራው ቁልቁለቱ ነው፤ የጠፋው ሰው ወደ ታች ከወረደ ግንቡን ያገኛል፣ ግንቡን ተከትሎ ደግሞ በር ያገኛል። መንገድ ሲጠይቁ ችግር የሚፈጥረው ስም ነው። እያንዳንዱ በር ቢያንስ ሁለት ስም አለው፤ ሸዋ በር ለሐረሪው አስመዲን በሪ ነው፣ ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁታት በሪ፣ ቡዳ በር በድሪ በሪ፣ ፈላና በር አሱም በሪ። አንዱን ብቻ ይዞ የሚጠይቅ ሰው ከሁለት ሰው ሁለት አቅጣጫ ተነግሮት፣ ሁለቱም ልክ ሆነው፣ እሱ ብቻ ይሳሳታል።

ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ከተማዋ ታርፋለች፤ የጫት ሰዓት ነው። ሱቆች ግማሽ በር ይሆናሉ፣ ዓርብ ደግሞ የጁምዓ ሶላት ይጨመርበታል። በዚህ ሰዓት መሮጥ ዋጋ የለውም፤ «አቦ ቀስ በል» የሚያስብል ነው። እኔ ይህን ጊዜ ለሐረሪ ቤት አቆየዋለሁ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሳሎኑ ደረጃ ደረጃ የሆኑ አምስት መደቦች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ተቀማጭ አለው። አሚር ነደባ ለተከበረው ሽማግሌ ነው፣ ጢት ነደባ ለታናሾቹ። እንግዳ ዝም ብሎ ክፍት ቦታ አይቶ አይቀመጥም፤ የቤቱ እመቤት እስክታመለክተው ይቆማል። ቀዩ ወለል ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይላሉ።

አሥር ሰዓት ሲል በኤረር በር ወጥቼ ግንቡን በግራ ይዤ በሰሜን በኩል ወደ ፈላና እወጣለሁ። በግንቡ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ማየት እዚህ ነው፤ ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው፤ በሮቹ ሲዘጉ ጅቦቹ በዚያ ገብተው ከተማዋን ያጸዱ ነበር። ሰው ለጅቦቹ ሥጋ የሚያበላበት ምገባ የሚጀምረው ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዝርዝር ብር ይያዝ፤ ዋጋውን ሥጋው ሳይወጣ መስማማት ነው፣ ከታየ በኋላ የሚነሳ ክርክር ደስ አይልም። ወደ ድሬ በዚያው ምሽት የሚመለስ ሰው ግን ጅቡንና ሚኒባሱን አብሮ አያገኝም፤ ወይ ሐረር ማደር ነው፣ ወይ ጅቡን መተው።