ኃላፊ ጊዜ

በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል በምሠራበት ወቅት፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ በእንግሊዝኛ ማዘጋጀት የእኔ ድርሻ ነበር። አንዲት የሒሳብ ባልደረባችን ለቪዛ ቃለ መጠይቅ የምታቀርበው ደብዳቤ ስትጠይቀኝ፣ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራች መሆኗን ለመግለጽ «ሃዝ ቢን ወርኪንግ ሲንስ ሴፕቴምበር 2015» ብዬ ጽፌ ለፊርማ አቀረብኩ። ደብዳቤው ግሱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ከላዩ «ወርክድ» ተጽፎበት ተመለሰልኝ።

ኃላፊዬ ዘንድ ገብቼ ምክንያቱን በትሕትና ጠየቅኋቸው።

«2008 አልፏል ወይስ አላለፈም?» አሉኝ።

«አልፏል።»

«እንግዲያው ያለፈ ነገር በኃላፊ ጊዜ ነው የሚጻፈው።»

ያለፈው የተቀጠረችበት ቀን እንጂ ሥራዋ አለመሆኑን፣ «ወርክድ» ካልን አንባቢው ለቅቃ ሄዳለች ብሎ እንደሚረዳ፣ ቃሉም ከ«ሲንስ» ጋር እንደማይስማማ አስረዳሁ። ጥቂት አሰቡና «ልክ ነህ» ብለው «ሲንስን» ሰርዘው «ፍሮም» አሉት። በአማርኛው ማስረጃ ላይ «በማገልገል ላይ ይገኛሉ» ብለው ራሳቸው መፈረማቸውን ባስታውሳቸው፣ «አማርኛው ለእኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ለፈረንጅ ነው፤ አታደባልቅ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት በአክብሮት እንዳልነበረ አሁን መናገር እችላለሁ፤ የሚመጣውን ለማየት ጓጉቼ ነበር። ተጎጂዋ ሌላ ሰው ስትሆን እንዲህ ያለው ጉጉት እንደማያስመሰግን የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከመስኮቱ ማዶ የነበረው ሠራተኛ ደብዳቤውን አንብቦ «አሁንስ የት ነው የምትሠሪው?» ብሎ እንደ ጠየቃት፣ ያለ ቪዛ በተመለሰች ማግሥት ነገረችኝ። የተከለከለችው በአንድ ግስ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ እሷ ግን አለች፣ ደግሞም ያለችው እኔን ነው፤ ምክንያቱም በደብዳቤው ግርጌ፣ ከማኅተሙ በታች፣ የአዘጋጁ ምልክት ሆነው የተቀመጡት የእኔ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነበሩ። ቀይ እስክሪብቶው ያረፈበት ረቂቅ ግን በማኅደሯ ውስጥ አልተቀመጠም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኃላፊዬ ሥራ ለቀቁና ማስረጃቸውን የማዘጋጀቱ ተራ ደረሰኝ። ከዚያ ጉዳይ ወዲህ ኮምፒውተሬ ላይ ባስቀመጥኩት፣ እጅግ በምኮራበት ትክክለኛ ናሙና ላይ ስማቸውንና ቀኑን ብቻ ለውጬ አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ከኪሳቸው ያንኑ ቀይ እስክሪብቶ አወጡ፤ «ሃዝ ቢን ወርኪንግ» የሚለውን ሰርዘው «ወርክድ» ብለው ጻፉበትና ወረቀቱን ወደ እኔ እየገፉ፣

«ዛሬም ይህችን ነገር አልለየሃትም?» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም፤ አርሜ አዲሱን ኃላፊ አስፈረምኩላቸው።