የእማዬ ዶክተር ጡረታ ወጡ

ደብዳቤው የመጣው ኅዳር ላይ ነው። እማዬ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፖስታ አትከፍትም። ከመብራቱ ሂሳብና ከካውንስሉ ወረቀት ጋር ታስቀምጠዋለች። ቅዳሜ ስሄድ ቡናው እስኪፈላ አንድ በአንድ አነብላታለሁ። ይኼኛው ከጂፒዋ ነበር፤ እዚህ እንግሊዝ የሰፈር ሐኪም ቤት ማለት ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ። ዶክተሯ በታኅሣሥ መጨረሻ ጡረታ እንደሚወጡ ይናገራል።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ዶክተርሽ ጡረታ ሊወጡ ነው።»

«ውይ! ታመሙ እንዴ?»

እንዳልታመሙ፣ ዕድሜያቸው ደርሶ እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ጀበናውን እያወጣች «እንግዲህ እኔን ማን ሊያየኝ ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ደብዳቤውም መልስ አልነበረውም። ለጊዜው ምትክ ዶክተር አልተገኘም። በሳምንት ሦስት ቀን የሚገቡ ተተኪ ሐኪሞች ይኖራሉ። ከዚያ አዳዲስ ሠራተኞች ተዘርዝረዋል፤ ፋርማሲስት፣ ፊዚዮቴራፒስት (የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ባለሙያ)፣ ፓራሜዲክ (የአምቡላንስ ባለሙያ)። ቀጠሮ ከእንግዲህ በዋናነት በኢንተርኔት ነው።

እማዬ 76 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። እኚህ ሴት ዶክተር ለ14 ዓመት አይተዋታል። አባቴ ያረፈ ጊዜ ራሳቸው ደውለው እንዴት እንደሆነች ጠይቀዋል። አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም። አንድ ነገር ግን አውቀው ነበር። እማዬን «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ትኩሳት እያንቀጠቀጣትም እንደዚያው ነው የምትለው። ሌላ ሐኪም ይኼን ሰምቶ «ጥሩ» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ወንበራቸውን ከኮምፒውተሩ ወደ እሷ ያዞሩና ትንሽ ቆይተው ደግመው ይጠይቋታል። እማዬ የምትናገረው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ይኼን ማንም አላስተማራቸውም። አብረው ስለቆዩ ነው የገባቸው።

የመጨረሻው ሳምንት እማዬ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ኮባ ከየት እንዳመጣች አልጠየቅኳትም። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ሄደች፤ እኔም አብሬያት። ቀጠሮ አልነበረንም። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ዳቦውን ስታይ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ዶክተሯ በሁለት ታካሚዎች መሀል ብቅ አሉ። ተቃቀፉ። እማዬ በአማርኛ መረቀቻቸው፤ እሳቸውም በእንግሊዝኛ አመሰገኑ። እኔ ላስተረጉም አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ነገሩ ጀመረ።

መጀመሪያ ስልኩን ሞከርኩ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ በፈረንጁ አቆጣጠር 8 መሆኑ ነው፣ ልክ ሲከፈት ደወልኩ። በሰልፉ 23ኛ እንደሆንኩ ተነገረኝ። ሥራ መግቢያዬ ደረሰና ዘጋሁት። ማታ በኢንተርኔቱ ገባሁ፤ ተዘግቷል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ ያሉ ጂፒዎች ሁሉ ይኼን የኢንተርኔት መጠየቂያ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዋል። ለእኔ ዓይነቱ ሠራተኛ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። በምሳ ሰዓት ከስልኬ ላይ መሙላት እችላለሁ። ለእማዬ ግን ግድግዳ ነው። ስለዚህ በማግስቱ በምሳ ሰዓት ደወልኩላትና እየጠየቅኳት መሙላት ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«እግሬን።»

«እንዴት ነው የሚያምሽ?»

«ሌሊት ይነዝረኛል። ቀን ደግሞ ድንዝዝ ይላል። ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ሲወልቅ አላውቀውም።»

ቅጹ ላይ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ከሚሉት አንዱን ምረጥ ይላል። ከሥሩ ትንሽ ሳጥን አለች። «የእግር ሕመም፣ መካከለኛ» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ቸኩያለሁ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። በእኛ ቋንቋ ሕመም አንድ አይደለም። ይወጋል፣ ይቆረጥማል፣ ይጠዘጥዛል፣ ያቃጥላል፣ ይነዝራል። እያንዳንዱ ሌላ ነገር ነው። እናቶቻችን እነዚህን ቃላት አቀላቅለው አይጠቀሙም። ጉልበቷን ሲቆረጥማት ቆረጠመኝ ትላለች፤ ጥርሷን ሲጠዘጥዛት ጠዘጠዘኝ ትላለች። የስኳር ሕመምተኛ እግር ሲነዝርና ሲደነዝዝ ነርቩ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። እማዬ የሐኪም ግማሽ ሥራ በሁለት ቃል ጨርሳ ሰጠችኝ። እኔ አጥቤ «የእግር ሕመም» አደረግኩት።

በማግስቱ መልስ መጣ። ፊዚዮቴራፒስት ጋ ቀጠሮ ተይዞላታል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ቅጹን ላነበበው ሰው ትክክል ነው። የ76 ዓመት አሮጊት እግሯን አመማት፤ ጉልበት ወይም ወገብ ይሆናል። የድሮዋ ዶክተር ቢሆኑ ጫማዋን ያስወልቋት ነበር። ዓመት በዓመት ያንን እግር ሲያዩት ኖረዋል።

ሦስቱን ሳምንት ጠበቅን። ፊዚዮቴራፒስቱ ረጋ ያለ ሰው ነው። በስልክ አስተርጓሚ አስቀርቦ ከጅምሩ ጠየቃት። አስተርጓሚዋ «ይነዝረኛል» የሚለውን በደንብ አስተላለፈችው። ሰውየው ወዲያው ካልሲዋን አስወለቃት። ነርሷን ጠራ። ነርሷ ቀጭን የናይለን ክር አምጥታ፣ እማዬን ዓይኗን አስጨፍና ጣቶቿን ነካ ነካ አደረገች። «ሲሰማሽ ንገሪኝ» አለቻት። ሁለት ጣቶቿ ላይ እማዬ ምንም አላለችም። እኔ ቆሜ ክሩ ሲነካት እያየሁ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና መነካቱን እየጠበቀች ነበር።

አሁን የእግር ክሊኒክ ትከታተላለች። ቁስል አልነበረባትም፤ ተመስገን። ባዶ እግሯን ቤት ውስጥ መሄድ ተከልክላለች። ማታ ማታ እግሯን ማየት አለባት። ማየት ስለሚያስቸግራት ታላቅ እህቴ ታይላታለች።

እነዚህ አዳዲስ ሠራተኞች ከየት መጡ ብዬ ነገሩን ተከታተልኩት። በፈረንጁ አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ መንግሥት ለሰፈር ጂፒዎች ስብስብ የተለየ ገንዘብ ይሰጣል። ገንዘቡ የፋርማሲስት፣ የፊዚዮቴራፒስት፣ የፓራሜዲክ እና የመሳሰሉትን ደመወዝ ይሸፍናል። በዚያ ገንዘብ ዶክተር መቅጠር ለብዙ ጊዜ አይቻልም ነበር። አዲስ የተመረቁ የጂፒ ዶክተሮች የተጨመሩት በ2024 መጨረሻ ነው። ዶክተር ሲወጣ የሌላ ሙያ ሰዎች የሚገቡበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ የፈጠረችው አይደለም። ይኼን የማነሳው ሰው እሷ ላይ ሲጮህ ስላየሁ ነው። ልጅቷ የዚያን ቀን ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ፋርማሲስቱ ነው። ወጣት ልጅ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ የራሱ ክፍል አለው። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እማዬን መድኃኒቶቿን በሙሉ በፌስታል ይዛ እንድትመጣ ጠራት። ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። የዶክተር ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፤ እሱ ግማሽ ሰዓት ሰጣት። እያንዳንዱን ክኒን መቼ እንደምትውጥ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ጠየቃት። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ትጾሚያለሽ?»

እማዬ እኔን አየችኝ። እኔም እሷን አየኋት።

እማዬ ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ትጾማለች። እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። የንስሐ አባቷ ስለ ሕመሟ ተይ ብለዋታል፤ አልሰማቻቸውም። የስኳር ክኒኗን ግን በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ ትውጣለች፤ «መድኃኒት ምግብ አይደለም» ብላ። ከሁለቱ ክኒኖች አንዱ ግሊክላዛይድ ነው። ስኳር የሚያወርድ ነው፤ ምግብ ካልተከተለው ከመጠን በላይ ሊያወርደው ይችላል። ረፋድ ላይ ላብ ላብ ይላታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ራሷን ያዞራታል። «ጾሙ ነው» ትላለች። እኛም ጾሙ ነው እንላለን። ለ14 ዓመት እነዚያ ጥሩ ዶክተር ይኼን አንድም ቀን አልጠየቁም። እሷም አልነገረቻቸውም። እኔም እያስተረጎምኩ አልነገርኳቸውም።

ልጁ ለምን እንደጠየቀ ነገረን። ሙስሊም ነው። የራሱ አባት ስኳር አለበት፤ በየረመዳኑ ይጨቃጨቃሉ። አትጹሚ አላላትም። «ሐኪም ነኝ፣ የምመክርሽ ባትጾሚ ነው» የሚል ንግግርም አልጀመረም። ከጾመች የጠዋቱ ክኒን ወደ መጀመሪያው ምግቧ ሰዓት እንዲዛወር ከዶክተሩ ጋር እንደሚነጋገር፣ ረፋድ ላይ ስኳሯን እንድትለካ፣ በእንግሊዙ መለኪያ (mmol/L) ከ4 በታች ከወረደ ግን ጾሙን ወዲያው እንድትፈታ ነገራት። ይቺን የመጨረሻዋን ሦስት ጊዜ አስደገማት። በማግስቱ ዶክተሩ መስማማቱን ደውሎ ነገረኝ።

ስለዚህ የድሮው ሁሉ ጥሩ፣ የአዲሱ ሁሉ መጥፎ ብዬ መጻፍ አልችልም። ቢሆንም አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ፊዚዮቴራፒስቱ እግሯን ያውቃል። ፋርማሲስቱ ክኒኗን ያውቃል። ነርሷ ደም ግፊቷን ታውቃለች። እማዬን በሙሉ የሚያውቅ ሰው የለም። በኖርዌይ 4 ሚሊዮን ተኩል በሚሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አንብቤ ነበር። ከአንድ የቤተሰብ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩት፣ ገና አንድ ዓመታቸው ከሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በድንገት ሆስፒታል የመግባታቸውም የመሞታቸውም ዕድል በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ቁጥሩን ሳየው ትዝ ያለኝ ያ ወንበር ማዞር ነው።

ያደረግኩትን ልጻፍ፤ እናት ወይም አባት እዚህ ያለው ሰው ሊጠቅመው ይችላል። አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋት ፋይሏ ላይ እንዲጻፍ ጠየቅኩ። አስተርጓሚ በነጻ ነው፤ ልጅ ለእናቱ ማስተርጎም የለበትም። ይኼን ለዓመታት አላውቅም ነበር። በልጅ በኩል የማይነገር ነገር አለ፤ እማዬ ስለ ሽንቷ የነገረችው ለአስተርጓሚዋ ነው። ድርብ ቀጠሮም፣ የሁለት ሰው ጊዜ ማለት ነው፣ ጠየቅኩ፤ ሰጡን። ተተኪዎቹ ሲቀያየሩ በተቻለ መጠን አንዱ ብቻ እንዲያያት ጠየቅኩ፤ እንሞክራለን አሉኝ። «ነገ ደውይ» ሲሉኝም አሁን አልቀበልም። ከ2023 ጀምሮ ጂፒው ሌላ ቀን ደውሉ ብሎ መመለስ የለበትም። የዚያኑ ቀን ባያዩአት እንኳ ቀጠሮ መስጠት ወይም ወደሚመለከተው መላክ አለባቸው። ይኼን በትህትና ስነግራት ልጅቷም ገባት። ሰፈር ያለው ፋርማሲም ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የጉሮሮ ሕመም፣ አልማዝ ባለጭራና ሌሎችን ጨምሮ ሰባት ሕመሞችን ራሱ አይቶ መድኃኒት ይሰጣል። የሴቶች የሽንት ኢንፌክሽን ግን ከ16 እስከ 64 ዓመት ላሉት ብቻ ነው፤ እናቶቻችንን ወደዚያ ልከን እንዳናመላልሳቸው።

አንድ ገጽም ጻፍኩ። ስለ እማዬ። ፋይሏ ውስጥ አስገብተውልኛል። «ደህና ነኝ ስትል ደግማችሁ ጠይቋት» በሚል ይጀምራል። ሲነዝርና ሲደነዝዝ፣ ሲቆረጥምና ሲጠዘጥዝ ልዩነቱ ምን እንደሆነ አለበት። መቼ መቼ እንደምትጾም አለበት። ባሏ የሞተበት ወር ላይ ግፊቷ እንደሚጨምር አለበት። አዲሱ ተተኪ ዶክተር አንብቦት እንደሆነ ባለፈው ቀጠሮ ገባኝ። እማዬ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ዶክተሩ ቀና ብሎ አያት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ፋርማሲስቱ በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደወለ፤ አስተርጓሚዋ መስመር ላይ ነበረች። እኔም የዚያን ቀን እማዬ ጋ ነበርኩ። የለካችውን አነበበችለት፤ 6 ነጥብ 8። ጥሩ ነው አላት። ሊዘጋ ሲል «ቆይ በይው» አለች ለአስተርጓሚዋ።

«እስቲ ጠይቂልኝ፤ አባቱ እንዴት ናቸው? ክኒናቸውን በስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?»