ከአሮጌው ኤክስፒ ኮምፒውተር በኔትዎርክ ማተም፦ እንዴት እንዳስተካከልኩት

የምሠራበት የሂሳብ ቢሮ ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር እስከ ዛሬ ሥራ ላይ አለ። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው። ቢሆንም ማሽኑን መጣል አልተቻለም። የደንበኞቻችን የቆየ ሂሳብ የተያዘው ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም የድሮ ቅጂ ስለሆነ፣ ኦዲተር የኋላ ዓመት ሌጀር (የሂሳብ መዝገብ) ሲጠይቅ የሚከፈተው እሱ ነው። ሌጀር ደግሞ በስክሪን አሳይተው የሚያልፉት ነገር አይደለም፤ ታትሞ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት ነው ከቢሮ የሚወጣው። ያ ኮምፒውተር ማተም ካቃተው ሥራው ቆመ ማለት ነው።

ችግሩ የመጣው የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ባለው አዲስ ማሽን ሲተካ ነው። ከዚያ በፊት ፕሪንተራችን፣ ኤችፒ ሌዘርጄት 1320ኤን፣ በዩኤስቢ ከእሷ ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ለሌሎቻችን ሼር ይደረግ ነበር። አዲሱ ማሽን ከገባ በኋላ ኤክስፒው ሼሩን ጨርሶ ማግኘት አልቻለም። ምክንያቱ ይታወቃል። ኤክስፒ ፋይልና ፕሪንተር የሚጋራው ኤስኤምቢ 1 በሚባለው የድሮ ፕሮቶኮል (ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ደንብ) ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ግን ከ1709 እትሙ ወዲህ አዲስ ሲጫን ይህን ፕሮቶኮል አጥፍቶ ነው የሚነሳው።

የጠየቅኳቸው ባለሙያዎች ሁሉ «ኤስኤምቢ 1ን መልሰህ አብራው፣ ይሠራል» አሉኝ። እውነት ነው፣ ይሠራል። እኔ ግን አላደረግኩትም፤ ሌላውም እንዲያደርገው አልመክርም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ ከማሽን ወደ ማሽን የተዛመተው በዚሁ ፕሮቶኮል ክፍተት ገብቶ ነው። የሰው ገንዘብ መዝገብ የተቀመጠበት ቢሮ ለአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሲባል ለእንዲህ ያለ አደጋ መጋለጥ የለበትም።

የመረጥኩት መንገድ በመሃል ያለውን ኮምፒውተር ከነገሩ ማውጣት ነው። ይህ የሌዘርጄት ሞዴል የራሱ የኔትዎርክ መሰኪያ አለው። የቢሮውን ኮምፒውተሮች ከሚያገናኘው ስዊች ኬብል ስቤ በቀጥታ ሰካሁለት። እንዲህ ሲሆን ፕሪንተሩ በ9100 ፖርት፣ ማለትም በዚያ ቁጥር በሚታወቅ የኔትዎርክ በር ላይ ሥራ ይጠብቃል፤ የሚልክለት ኮምፒውተር የ20 ዓመት ይሁን የትናንት ለእሱ ለውጥ የለውም። ሼር ማድረግ የለም፣ የይለፍ ቃል የለም፣ የጸሐፊዋ ማሽን ቢጠፋም ሌላው ያትማል።

ኤክስፒ ላይ ሲጫን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ቦታ አለ። ፕሪንተር ጨምር ሲባል ሁለት ምርጫ ይቀርባል፦ ሎካል ፕሪንተር ወይም ኔትዎርክ ፕሪንተር። በኔትዎርክ ላይ ስላለ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ እሱ ግን በሌላ ኮምፒውተር ሼር ለተደረገ ፕሪንተር ነው። መመረጥ ያለበት ሎካል ነው። ከሥሩ ያለውን «ራስህ ፈልገህ ጫን» የሚለውን ምልክት አንስቶ፣ አዲስ ፖርት ፍጠር ብሎ፣ ከዝርዝሩ ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርትን መምረጥና የፕሪንተሩን አይፒ አድራሻ (በኔትዎርኩ ላይ የሚገኝበትን ቁጥር) መጻፍ ነው። ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ፒሲኤል 5ኢ የሚባለውን አደረግኩት።

የሙከራ ገጹ ወጣ፤ ሌጀሩም ታተመ። ከዚያ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማተም ቆመ።

ይህኛው ብልሽት ብዙ ስላስተማረኝ ዘርዘር ላድርገው። ከኤክስፒው ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቼ የፕሪንተሩን አድራሻ፣ 192.168.1.105ን፣ ፒንግ አደረግኩ፤ «አለህ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ይመልሳል። ፒንግ ከመለሰ ኬብሉም ስዊቹም ደህና ነው ብሎ ወደ ድራይቨር መሄድ የተለመደ ነው። እኔ ግን ፒንጉ ሳያቋርጥ እንዲቀጥል አድርጌ ሄጄ የፕሪንተሩን የኔትዎርክ ኬብል ነቀልኩት። ተመልሼ ስክሪኑን ሳየው መልሱ አሁንም ይመጣል! ፕሪንተሩ ተነቅሎ አድራሻው ከመለሰ፣ የሚመልሰው ሌላ ዕቃ ነው። በዚያ ቁጥር ላይ ያለው የትኛው ዕቃ እንደሆነ የሚያሳየውን የአርፕ ትእዛዝ ሰጥቼ የማክ አድራሻውን (የዕቃውን የራሱ መለያ ቁጥር) ከፕሪንተሩ ጋር ሳስተያየው አልገጠመም፤ የአንድ ሠራተኛ ስልክ ነበር። ፕሪንተሩ ቀድሞ ከነበረበት ቦታ ይዞት የመጣው ቋሚ አድራሻ ራውተሩ በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድልበት ዘዴ) ለሁሉም ከሚያድለው የቁጥር ክልል ውስጥ ይወድቃል። መብራት ሲመለስ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለስልኩ ሰጠው።

መፍትሔው ፕሪንተሩን ከዚያ ክልል ማውጣት ነው። ፊቱ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ሲይዙት የቅንብሩን ገጽ ያትማል፤ የማክ አድራሻውም የአይፒ ቅንብሩም እዚያ ላይ አለ። ኬብሉን መልሼ፣ ስልኩን ከኔትዎርኩ አስወጥቼ፣ አድራሻውን በብራውዘር ከፍቼ ራውተሩ ለሌላ ወደማያድለው 192.168.1.240 ቀየርኩት፤ ኤክስፒው ላይም ፖርቱን በዚያው አስተካከልኩ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ፕሪንተሩ ጎን ላይ ለጠፍኩት፤ እኔ በሌለሁበት ቀን የሚመጣ ሰው ፍለጋ አያስፈልገውም።

ሌሎቹ ቀለል ያሉ ናቸው። ዊንዶውስ 10ው ላይ ፕሪንተሩ እያተመ «ኦፍላይን» የሚል ጽሑፍ ይወጣ ነበር፤ በፖርቱ ቅንብር ውስጥ ኤስኤንኤምፒ ስታተስ የሚለውን ምልክት ሳነሳው ጠፋ። ኮምፒውተሩ በዚያ መንገድ ስለ ፕሪንተሩ ሁኔታ ጠይቆ መልስ ሲያጣ የለም ብሎ ስለሚደመድም ነው። በመሃል መብራት የተቋረጠበት ሥራ ደግሞ ወረፋው ውስጥ ተቀርቅሮ አልሰረዝም ይላል። ያኔ ፕሪንተሩን አጥፍቶ፣ በኮማንድ ፕሮምፕት ኔት ስቶፕ ስፑለር ብሎ ወረፋውን የሚያስተዳድረውን ስፑለር አቁሞ፣ በሲስተም 32 ሥር ስፑል በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የፕሪንተርስ ፎልደር ባዶ አድርጎ፣ ስፑለሩን መልሶ ማስነሳት ነው። መብራት ካነሳሁ አይቀር፣ ሌዘር ፕሪንተርን ከዩፒኤስ ባትሪ ላይ አትሰኩ። ቶነሩን የሚያቀልጠው ክፍል ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ለዩፒኤሱ ከባድ ነው። ዩፒኤሱ ለራውተሩ፣ ለስዊቹና ለኮምፒውተሩ ይሁን።

የአማርኛው ነገር ግን ለብቻው መነሳት አለበት። የሂሳብ ሹማችን ሸኚ ደብዳቤዎችን በዚያው ኤክስፒ ላይ በግዕዝ ፎንት ይጽፋሉ። በአዲሱ መንገድ ሲያትሙ አንዳንድ ፊደል ተዘሎ፣ አንዳንዱ በሌላ ምልክት ተተክቶ ወጣ። «ልጄ፣ ይሄን እንዴት አድርጌ ልፈርምበት?» አሉኝ ወረቀቱን ዘርግተው። እንዲህ ሲያጋጥም መጀመሪያ ስክሪኑን ማየት ነው። እዚያም ላይ የላቲን ፊደል ከሆነ የጎደለው ፎንቱ ነው፤ ፕሪንተሩን መነካካት አያስፈልግም። የእሳቸው ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ የሚበላሸው በመንገድ ነው ማለት ነው። ድራይቨሩ ፎንቱን ወደ ፕሪንተሩ ልኮ ፊደሎቹን ፕሪንተሩ ራሱ እንዲያስቀምጥ ያደርጋል፤ ከእኛ ፊደል ጋር ያልተግባባው እዚያ ላይ ነው። በድራይቨሩ አድቫንስድ ቅንብር ውስጥ ትሩታይፕን እንደ ቢትማፕ ላክ የሚል ምርጫ አለ። እሱ ሲበራ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፊደል ሥዕል አድርጎ ይልካል፤ ፕሪንተሩ ያየውን ያትማል። ትንሽ ይዘገያል፣ ግን «ኘ»ው «ኘ» ሆኖ ይወጣል። ደብዳቤው ዳግም ታትሞ በዚያው ተፈረመበት።

ኤክስፒውን በተመለከተ አንድ የቀረ ነገር አለ። አይፒ አድራሻውን በእጅ ስሞላለት ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚያወጣው ራውተር አድራሻ) የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ፕሪንተሩ እዚያው ኔትዎርክ ውስጥ ስላለ ለማተም ጌትዌይ አያስፈልገውም፤ ወደ ኢንተርኔት ግን መውጫ የለውም። ድጋፍ ለሌለው ሲስተም ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። ድራይቨሩንም በፍላሽና በሲዲ አስቀምጫለሁ፣ የኤክስፒ ድራይቨር ማግኘት ከዓመት ዓመት እየከበደ ነውና። የቆየው ሂሳብ ወደ አዲስ ማሽን ሲዛወር ፕሪንተሩ ላይ የሚለወጥ ነገር አይኖርም፤ በዚያው አድራሻና በዚያው ፖርት ይቀጥላል።