አራት ወር የበላብኝ ፕሮቲን

ያኔ አንድ ሰው ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ አራት ወር ይተርፈኝ ነበር። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ኤል ኤል-37 ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ባክቴሪያ ገዳይ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ነው። 37 አሚኖ አሲዶች አሉት። አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው አሉታዊ ወደሆነው የባክቴሪያ ሽፋን ይሳባል። ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ኢ ኮላይ ላይ ሲያርፍ የሚይዘው ሊፖፖሊሳካራይዱ (የውጫዊው ሽፋን አሉታዊ የስብና የስኳር ሞለኪውል) ብቻ ነው ወይስ የውጫዊው ሽፋን ፕሮቲኖችም ይይዙታል? የጠረጠርኩት ከእነዚህ ፕሮቲኖች ኦምፕ ኤ የሚባለውን ነው።

ባክቴሪያውን አሳደግኩ፣ ሰበርኩ፣ ሽፋኑን በሴንትሪፊዩጅ ለየሁ። እዚህ ድረስ ችግር የለም። ፔፕታይዱ ፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ላይ ስለሚለጠፍ ግን ፖሊፕሮፒሊን ተጠቀሙ።

ከዚያ ፔፕታይዱን ከሽፋኑ ጋር በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቆየሁት። ሽፋኑን አዘቀጥኩና ከላይ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል ፔፕታይድ እንዳለ በኤች ፒ ኤል ሲ (ሞለኪውሎችን ለያይቶ እያንዳንዱን በግራፍ ላይ እንደ ጉብታ በሚያሳይ መሣሪያ) ለካሁ። የለም ማለት ይቻላል። "ሁሉም ተጣብቋል" አልኩ። ደጋግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። ኦምፕ ኤ ከሌለው ባክቴሪያ የወጣ ሽፋን ተመሳሳይ ውጤት ሲሰጠኝ እንኳ "ሌላ ፕሮቲን ይዞት ይሆናል" ብዬ አለፍኩት። አማካሪዬም ግራፉን አይቶ "ጽሑፉን ጀምር" አለኝ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ግራፉ ላይ ከዋናው ጉብታ በፊት ትናንሽ ጉብታዎች ነበሩ። ቆሻሻ ናቸው ብዬ ንቄአቸው ነበር። አንድ ቀን የላብ ባልደረባዬ "እነዚህስ?" አለችኝ። የሞለኪውል ክብደት በሚለካው በማስ ስፔክትሮሜትሪ አየናቸው። የራሴ ፔፕታይድ ስብርባሪዎች ናቸው። ፔፕታይዱ ተቆራርጧል እንጂ አልተጣበቀም።

ቆራጩ ኦምፕ ቲ ነው። እሱም የውጫዊ ሽፋን ፕሮቲን ነው፤ በርሜል መሳይ ቅርጽ አለው፣ የሚቆርጥበት ቦታ ወደ ውጭ ነው። ሁለት አዎንታዊ አሚኖ አሲዶች ጎን ለጎን ካገኘ መሃላቸውን ይበጥሳል። ኤል ኤል-37 ደግሞ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉት። ባክቴሪያው ራሱን የሚከላከልበት መንገድ መሆኑ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ማገጃው ነው። እንደ መመሪያው የፕሮቲን ቆራጮችን ማገጃ ድብልቅ ጨምሬ ነበር፤ ኦምፕ ቲን ግን አላስቆመውም። ይህ ፕሮቲን ድሮ ሴሪን ፕሮቲዬዝ (ሴሪን በሚባል አሚኖ አሲድ የሚቆርጥ) ይባል ነበር። በ2001 የክሪስታል ቅርጹ ሲታወቅ ሥራውን የሚሠሩት አስፓርቴትና ሂስቲዲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች መሆናቸው ታየ። የተለመዱት ማገጃዎች ብዙም አይነኩትም። መመሪያው ምንም ይበል፣ በእነሱ አትተማመኑ። ኦምፕ ቲ በሌለው ባክቴሪያ ጀምሩ፤ ቢ ኤል 21 የሚባለው የኢ ኮላይ ዝርያ የለውም። ገንዘብ ካላችሁ ፔፕታይዱን በዲ አሚኖ አሲዶች (የተለመዱት የመስታወት ምስል በሆኑት) አሠሩት፣ ቆራጩ አይነካውም። ከፈሳሹ የጠፋውን ብቻ አትቁጠሩ። የዘቀጠውንም ለኩ።

እኔም ኦምፕ ቲ በሌለው ባክቴሪያ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ፔፕታይዱ ከሽፋኑ ጋር ሲዘቅጥ በእርግጥ ይታየኛል። ማግኒዥየም ስጨምር ይቀንሳል፤ አዎንታዊው ማግኒዥየም የሊፖፖሊሳካራይዱን አሉታዊ ቦታዎች ስለሚሻማ ይህ ወደ ሊፖፖሊሳካራይዱ ይጠቁማል። ኦምፕ ኤ ኖረም አልኖረም እስካሁን ልዩነት አላየሁም። ሽፋኑን ትቼ ንጹሕ ኦምፕ ኤ ለብቻው እየሞከርኩ ነው። በዚህኛው ግራፍ ላይ ግን እያንዳንዱን ጉብታ አያለሁ።