ከድሬዳዋ ሐረር በብስክሌት፦ የልጃችንን ሙት ዓመት እንዴት እንዳሰብን

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚኒባስ ለሚሄድ ሰው ቀላል ነው፤ በብስክሌት ለሚወጣ ግን የመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነፍስ ያስጨንቃል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከዳገቱ አናት ያለችው ደንገጎ ከ2,000 ሜትር ታልፋለች። ያን ሁሉ ከፍታ የምትወጣው በጠመዝማዛው ዳገት ነው። ይህን መንገድ የመረጥኩት ስለሚከብድ አይደለም። ልጄ ሐረር አያቷ ዘንድ የምትሄድበት መንገድ ስለሆነ ነው።

ልጄ በሰባት ዓመቷ በደም ካንሰር አረፈች። የያዛት ዓይነት አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ይባላል፤ በልጆች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። መቅኔ ውስጥ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች ይበዙና ጤነኞቹን ቦታ ይነሷቸዋል። ልጁ ይገረጣል፣ ትኩሳቱ እየሄደ ይመለሳል፣ ምንም ሳይመታው ገላው ይበልዛል፣ እግሬን አጥንቴን አመመኝ ይላል። ይህን የምጽፈው የሚያነብ ወላጅ ስላለ ነው። ከእነዚህ አንዱ በልጃችሁ ላይ ከሰነበተ፣ ሙሉ የደም ምርመራ አሠሩ።

አዲስ አበባ ለሕክምና በተመላለስንበት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው ብስክሌት ላይ ያወጣኝ። ይህ ሕመም በመድኃኒት ሊድን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 400,000 ያህል ልጆችና ታዳጊዎች በካንሰር ይያዛሉ፤ በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ብዙ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕክምናውን ማቋረጥ ነው። የመጀመሪያው ወር መድኃኒት ሲያልቅ ልጁ ፊቱ ይመለሳል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። አባት ደግሞ ማሳው ጦም እያደረ፣ ማደሪያ እየከፈለ፣ የአውቶቡስ ብሩ አልቆበታል። ሐኪሙ ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይቀጥላል ሲለው፣ የዳነ የሚመስል ልጁን ይዞ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ሕመሙም ይመለሳል። እኛ እስከ መጨረሻው ታግለናል፤ ልጄን የወሰዳት ሰውነቷ በደከመበት ሰዓት የገባ ኢንፌክሽን ነው። አጠገባችን ተኝተው የነበሩ፣ ከሐረርጌ ገጠር የመጡ ልጆች ግን በመጓጓዣ ብር ምክንያት አልጋቸውን ለቀው ሄዱ። ይህን ማየት ከሐዘኔ ጋር አብሮኝ ቀረ።

ስለዚህ ከብስክሌቱ በፊት የወሰንነው በጉዞው የምንሰበስበው ብር ምን እንደሚሠራ ነው። «ለካንሰር ሕሙማን» ብሎ መለመን ለሰሚው ጭጋግ ነው። እኛ ያልነው ከምሥራቁ አገር አዲስ አበባ ለሕክምና ለሚሄድ ለታመመ ልጅና ለአንድ ወላጅ የደርሶ መልስ ትኬትና የማደሪያ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ በዓይነ ሕሊናው ያየዋል፤ እጁም ይፈታል። ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ ሐዘናቸውን ይዘው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን መመሥረታቸውን አውቅ ነበር። የእኛ ሥራ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ግን አንድ አባት ከዚህ ተነስቶ እንዲህ ማድረግ እንደሚችል ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

ብሩን እኔ አልነካሁትም። የዕድራችን ሊቀመንበር፣ አንዲት ነርስና ከመስጊዱ ኮሚቴ አንድ ሽማግሌ በሦስት ፊርማ የባንክ ሒሳብ ከፈቱ፤ ትኬቱም ከሒሳቡ ተቆርጦ በቀጥታ ለአውቶቡስ ይከፈላል። ሐዘንተኛን ማንም ደረሰኝ አይጠይቅም፤ ለዚህ ነው ሐዘንተኛ ብር መያዝ የሌለበት። ሰጪዎች ቃል የገቡት በኪሎ ሜትር ነው። አሥር ብር ያለ ልጅም፣ መቶ ብር ያለ ነጋዴም፣ ሐረር የገባ ጋላቢ ሲኖር በ55 ያባዛዋል።

ከሁሉ ጊዜ የወሰደው ፈቃዱ ነው። መንገዱ ከድሬዳዋ አስተዳደር ተነስቶ ኦሮሚያን አቋርጦ ሐረሪ ክልል ይገባል፤ የሦስቱንም ትራፊክ ፖሊስ በደብዳቤ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ቀኑንም ማሰብ ያሻል። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሲቃረብ የደንገጎ መንገድ በእግረኛና በመኪና ይሞላል፤ የግንቦትና የሰኔ የድሬ ሙቀት ደግሞ ዳገት አያስወጣም። እኛ የመረጥነው ጥር ነው፤ የተነሳነውም ገና ሳይነጋ።

የድሬ ልጅ ብስክሌት ያውቃል። ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር በሰዓት እየተከራየ ያደገ ነው፤ ልጄም የለመደችው እዚያው ነው። ሜዳ የለመደ እግር ግን ለዳገት ሌላ ሥልጠና ይፈልጋል። ማርሽ የሌላቸው ብስክሌቶች በመኪና ተጭነው ደንገጎ ጠበቁን፤ ከዚያ ወዲያ ከፍና ዝቅ እንጂ እንደ ዳገቱ የሚያስጨንቅ የለም። የሁሉንም ፍሬን ከዋዜማው በአንድ ጠጋኝ አስፈተሽን። አባባ የፍሬን ጎማዎቹን ለወጡና ሒሳብ ስንጠይቃቸው «አቦ፣ የልጄ ልጅ ናት!» ብለው ሰደዱን።

ዳገቱ ላይ ማንም አያወራም። ደንገጎ ስንደርስ ግን ሻይ ይዘን ተቀመጥንና አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ልጄ ካረፈች ወዲህ ሰው ሁሉ በፊቴ ስሟን መጥራት ትቶ ነበር። «እግዜር ያጽናህ፣ ምትኩን ይስጥህ» ይሉና ወሬ ይለውጣሉ፤ ባለቤቴ ከሁሉ የሚያማት ይህ ነበር። በዚያን ቀን ስሟ በየጀርባችን በሸሚዙ ላይ ታትሞ ነበር። ብዙም የማላውቀው፣ ቀፊራ ገበያ የሚሠራ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ስሟን አነበበና «ስንት ዓመቷ ነበር? ምን ትወድ ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ እሱም ስለ ልጁ ነገረኝ፤ ከብዙ ዓመት በፊት ያጣው፣ ጎረቤቶቹ እንኳ የማያውቁት ልጅ። ሁለታችንም አለቀስን፤ ማንም ዝም በሉ አላለንም።

ሐረማያ ላይ፣ ደርቆ ቆይቶ ውኃ በመለሰው ሐይቅ አጠገብ፣ የመንደር ልጆች በኦሮምኛ አይዟችሁ እያሉ ሮጡልን። የጫት ገበያ በሆነችው አወዳይ ላይ ግን ጥንቃቄ ይበዛል። ጫት ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት መኪኖቹ ይከንፋሉ፤ ከኋላችን የምትሄደው ፒክአፕ ባትኖር ያን ከተማ አላልፍም ነበር። በሰልፍ አንድ ከአንድ ኋላ፣ ዳር ይዘን ወጣን።

ሐረር ስንገባ ባለቤቴና እናቷ እንጀራና ወጡን ይዘው ጠበቁን። ነርሷ ተነስታ የሕመሙን ምልክቶች በአማርኛና በኦሮምኛ ተናገረች፤ ከንግግሩ በኋላ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ቀረበቻት። እኔ የምለው፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ስታዘጋጁ የጤና ባለሙያ ሳይኖር አትጨርሱ። ሰው የሚሰበሰብበት ሰዓት ያው ነውና።

ብሩ ሥራ ጀምሯል። የመጀመሪያው ትኬት ከጨለንቆ አካባቢ ለመጣ ልጅና ለአባቱ ተቆርጧል። ደንገጎ ላይ ያወራኝ ሰው ደግሞ አሁን የኮሚቴው ጸሐፊ ነው። በሚቀጥለው ጥር የሁለቱም ልጆች ስም በሸሚዙ ላይ ይወጣል፤ ሌሎች ወላጆችም የልጆቻቸውን ስም እያመጡ ነው፤ እየመዘገብን ነው።