ሁለት ቁጥር ተገልብጦ ፓይተን ዝም ሲል

ከምንጃር ጤፍ የሚቀበል አንድ የደብረ ብርሃን መጋዘን ለገበሬው ስንት እንደሚከፍል የሚያሰላ ፋንክሽን (ሲጠሩት የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ነው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት። አጻጻፉ ብዙ አያወራም። ዴፍ ብሎ ስም መስጠት፣ በቅንፍ ውስጥ ፓራሜትሮቹን (የሚቀበላቸውን ነገሮች ስም) በኮማ መለየት፣ በሁለት ነጥብ መዝጋት፤ ከዚያ 4 ክፍት ቦታ ገባ ብሎ ስሌቱን መጻፍና ውጤቱን በሪተርን ማውጣት። በሪተርን ፋንታ ፕሪንት ያደረገ ሰው ቁጥሩን ስክሪን ላይ ያየዋል እንጂ ለሚቀጥለው ስሌት አያገኘውም።

(ዴፍ፣ ሪተርንና ፕሪንት ኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እዚህ በእኛ ፊደል ያሰፈርኳቸው ለንባብ ነው።)

ያቃጠለኝ ጥሪው፣ ማለትም ፋንክሽኑን ቁጥር ሰጥቶ ማሠራቱ ነው። ፋንክሽኑ እንዲህ ነበር፦

ዴፍ ሒሳብ(ኩንታል, ዋጋ, ማስጫኛ):
    ሪተርን ኩንታል * ዋጋ - ማስጫኛ

ሒሳብ(3, 12000, 450) ብዬ ስጠራው 35550 ሰጠኝ። (ዋጋው ለምሳሌ የተያዘ ነው፣ የገበያ አይደለም።) ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ሒሳብ(12000, 3, 450) ብዬ ኖሯል። እሱም 35550! ማባዛት ቢገለብጡት ያው ስለሆነ ስህተቱ ተሸሽጎ ከረመ። በኋላ ማስጫኛው በኩንታል 150 ብር ይታሰብ ሲባል ስሌቱን ኩንታል * (ዋጋ - ማስጫኛ) አደረግኩት። ትክክለኛው ጥሪ ያንኑ 35550 አወጣ፤ የተገለበጠው ግን 12000ን በ3 ሲቀነስ 150 አባዝቶ -1764000 አለ። ገበሬው ጤፉን አስረክቦ ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቀመሩን ነው ስጠራጠር የዋልኩት፣ ቀመሩ ምንም አልበደለ! ፓይተን ፓራሜትሩን የሚሞላው በተራ ነው፤ ሁለቱም ቁጥር እስከሆኑ ድረስ የቱ ኩንታል የቱ ብር እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የጀማሪ መማሪያዎች ፓራሜትሩን በስሙ እየጠቀሱ መጥራትን ወደ ኋላ ገፍተው «ይህም ይቻላል» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ፓራሜተር ከሁለት ከበለጠ ግዴታ ነው እላለሁ፦ ሒሳብ(ኩንታል=3, ዋጋ=12000, ማስጫኛ=150)። ተራው ቢዘበራረቅም ውጤቱ አይናጋም። ለራሳችሁ ካልታመናችሁ (እኔ አልታመንም) በቅንፉ መጀመሪያ ኮከብ አስገቡ፦ ዴፍ ሒሳብ(*, ኩንታል, ዋጋ, ማስጫኛ):። ከዚያ ወዲያ ያለ ስም የጠራ ሰው ታይፕ ኤረር የሚባል የስህተት መልእክት ይጠብቀዋል፤ ፋንክሽኑ በተራ የሚቀበለው 0 ሆኖ ሳለ 3 ሰጥተኸዋል ይላል። ያ ጩኸት ከዝምታው በብዙ ይሻላል።

ብሩን 12,000 ብሎ መጻፍም ያስቀጣል። ኮማው ይከፍለውና 12 እና 000 የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ይሆናሉ። ማንበብ ካስቸገራችሁ 12_000 በሉ።

የፓራሜትር ስም በአማርኛ መሆኑን የሚነቅፉ አሉ። ፔፕ 8 የተባለው የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ ኮሜንትን (ኮዱ ውስጥ ለሰው የሚጻፈውን ማስታወሻ) እንኳ በእንግሊዝኛ ጻፉ ይላል፣ ቋንቋችሁን የማያውቅ ሰው ኮዱን እንደማያነበው 120 በመቶ እርግጠኛ ካልሆናችሁ በስተቀር። የጤፍ መጋዘን ሒሳብ ነው፤ እርግጠኛ ነኝ። ፓይተን 3 ፊደላችንን በስምነት ይቀበላል።

የሚያስከፍለው ግን አለ። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ አዙራችሁ ሳትመልሱ «፣» ወይም «፡» ከነካችሁ ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስህተት) ነው፤ ኮማውና ሁለት ነጥቡ የላቲኑ መሆን አለባቸው። በሐመሩ «ሒ» የሰየማችሁትን ፋንክሽን በሃሌታው «ሂ» ከጠራችሁት ደግሞ ኔም ኤረር፣ «ይህን ስም አላውቀውም» ማለት ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለፓይተን ሁለት።