ለካስ አየርላንዳዊ አልነበረም

ነገሩ የጀመረው ማንቸስተር በመጣሁ በዓመቱ ነው። አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ "ደርቲ ኦልድ ታውን" (ቆሻሻዋ አሮጌ ከተማ) የሚለው ዘፈን ተከፈተ። ቤቱ በሙሉ ጠረጴዛ እየደበደበ አብሮ ይዘፍናል። ዘ ፖግስ የሚባሉት ባንድ በፈረንጆቹ 1985 የዘፈኑት ነው፤ ከእነሱ በፊት የአየርላንዱ ባንድ ዘ ደብሊነርስ ተጫውተውታል። በቃ፣ ስለ ደብሊን የተዘፈነ የአየርላንድ ዘፈን ነው አልኩ። ስለ ዘፈን ደራሲዎች በአማርኛ መጻፍ ስጀምርም ሳላጣራ እንደዚያው ጻፍኩት።

ከማንቸስተር አጠገብ ባለችው ሳልፎርድ ተወልዶ ያደገ አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ምን እንደጻፍኩ ስነግረው ሳቁ አላስቆም አለው። "የኛ ሰፈር ዘፈን እኮ ነው!"

እውነቱን ነው። ደራሲው ዩዋን ማኮል ይባላል። በ1949 ስለ ሳልፎርድ የጻፈው ነው፤ ያውም ለቲያትር። መድረኩ ላይ ዕቃ እስኪቀያየር ድረስ ክፍተት እንድትሸፍን የተሠራች ነበረች። መጀመሪያ ሲጻፍ የፀደይን ሽታ ይዞ የሚመጣው የሳልፎርድ ነፋስ ነው። ፖግስ ጋ ሲደርስ ነፋሱ ጭሳም ነፋስ ሆኗል። ሁለቱን ቅጂ በማዳመጫ እየመላለስኩ ሰማኋቸው። አንዲት ቃል ወጣች፣ ከተማው አብሯት ሄደ። ግጥሙ ውስጥ የቀሩት የጋዝ ፋብሪካና የውኃ ቦይ እንደሆነ ብዙ ቦታ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከኋላ ነው የምጀምረው። መጨረሻ ከዘፈነው እነሳና ደራሲው ጋ እስክደርስ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። እኛ ካሴት ላይ "ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ" እንደምንለው፣ እነሱም "ባህላዊ" ብለው የሚያልፉት ዘፈን ብዙ ጊዜ ባለቤት አለው። ማኮል በ1960 ለቢቢሲ ሬዲዮ ስለ ሄሪንግ ዓሣ አጥማጆች የጻፈው ዘፈን እንዲህ ሆኗል። እሱ ቴፕ ይዞ አጥማጆቹን አናገረ። ከመካከላቸው ሳም ላርነር ያኔ 80 ዓመት አልፎታል። ግጥሙን የሠራው ከእነሱ አነጋገር ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የጥንት ዘፈን ይመስለዋል። ለደራሲ ከዚህ በላይ ምን ሙገሳ አለ?

ከዘፈኖቹ ይልቅ ያደከመኝ ግን ሰውየው ራሱ ነው። ስኮትላንድ እንደተወለደ አንብቤ ነበር፤ ጻፍኩት። በኋላ ሌላ ቦታ ሳልፎርድ፣ 1915 የሚል አገኘሁ። ስሙም ማኮል አልነበረም፤ ጂሚ ሚለር ነው። ወላጆቹ ናቸው ከስኮትላንድ የመጡት። አባቱ ብረት እያቀለጠ ቅርጽ የሚያወጣ ሠራተኛ ነበር፣ እናቱ የአገሯን ዘፈን እየዘፈነች አሳደገችው። በ14 ዓመቱ ትምህርት አቆመ። በ1940 ወታደር ሆነ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ኮበለለ። ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ ያየነው ዩዋን ማኮል ነው። የሰፈሩን ዘፈን ደብሊን ወሰደችው እያልኩ ሳዝንለት፣ እሱም ራሱን ስኮትላንድ ወስዶ ኖሯል!

አሁን ስምና የትውልድ ቦታ ሁለት የተለያየ ምንጭ ሳላይ አልጽፍም። በዚህ ምክንያት ያቆየኋቸው ጽሑፎች አሉ፤ ይቆዩ።

ማኮል ለፍቅረኛው ለዘፋኟ ፔጊ ሲገር በ1957 የጻፈላትን የፍቅር ዘፈን፣ "ዘ ፈርስት ታይም ኤቨር አይ ሶው ዩር ፌስ"ን፣ በአንድ አንቀጽ አለፍኳት። ሮበርታ ፍላክ በ1972 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ያደረገቻት ናት፣ ማን የማያውቃት አለ? ዘፋኝ ልጁን ክርስቲ ማኮልን ግን መዝለል አልቻልኩም። በ1987 ከዚያው ከዘ ፖግስ ጋር የገና ዘፈን ዘፈነች። አብሯት የዘፈነው ሼን ማክጋወንም ከአየርላንዳውያን ወላጆች እንግሊዝ ውስጥ፣ ኬንት ነው የተወለደው።

የታረመውን ጽሑፍ ለባልደረባዬ በእረፍት ሰዓት እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ሲያበቃ "ሳልፎርድ በናንተ ፊደል እንዴት ነው የሚጻፈው?" አለኝ። የሻይ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። አምስቱን ፊደላት በጣቱ ቆጠረና፣ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተታት።